የብቻ መዋል ፈቃድ

አርያም ፈተናውን ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀችው አሥር ዓመት ከሦስት ወር ሲሆናት ነው። የጣላት አንድ ብርጭቆ ውሃ ነበር።

ውጤቱ ሲደርስ እናቷ የምሥራች በመድኃኒት ፋብሪካው የልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ ነጩን ቱታዋን እስከ ወገቧ አውልቃ ቆማ ነበር። መልእክቱ የእጅ አንጓዋ ላይ በራ። እሳት፣ ሙሉ ነጥብ። ኤሌክትሪክ፣ ሙሉ ነጥብ። ምግብና መድኃኒት፣ ሙሉ ነጥብ። ብቻ ሲሆኑ መረጋጋት፣ እጅግ በጣም ጥሩ። በር፣ ዜሮ። ከሥሩ አጭር ማብራሪያ ነበረው፦ «ውሃ የጠማት መንገደኛ መስላ የቀረበችው ፈታኝ ለአራት ደቂቃ ከለመነች በኋላ ተፈታኟ በሩን ከፍታለች። ውሃውን በእጇ አቀብላለች። ሴትየዋ አረፍ እንድትልም ወንበር አውጥታለች።»

በር ላይ ዜሮ ያገኘ ልጅ በሌላው ሁሉ መቶ ቢያመጣ አያልፍም። ይህን የማያውቅ ወላጅ በከተማው አልነበረም።

ጊዜው 2092 ዓ.ም. ነው። በደብረ ብርሃን፣ እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ፣ አሥራ አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ የብቻ መዋል ፈቃድ ከሌለው አዋቂ በሌለበት ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ መቆየት አይችልም። የሚቆጥሩት ቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። የመጨረሻው አዋቂ ወጥቶ ስድሳ ደቂቃ ሲሞላ ቤቱ ፈቃዱን ለሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል። የየምሥራች እናት በልጅነቷ ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አስራ ትውል እንደነበር፣ ቁልፉ የጠፋባት ቀን ጎረቤት ቤት ምሳዋን በልታ እዚያው እንቅልፍ ይወስዳት እንደነበር ታወራ ነበር። የምሥራች ይህን ለአርያም ስትነግራት ልጅቷ አሰብ አደረገችና፣ «ጎረቤትየዋ ፈቃድ ነበራት?» ብላ ጠየቀች።

ፈቃድ የሌላቸው ልጆች የሚውሉት መዋያ ነው። አርያም የምትውልበት መዋያ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ትምህርቱን ይከታተላል፤ በሁለት ሰዓት አንዴ ተነስቶ ይንጠራራል፤ ምሳውን እዚያው ይበላል። ከዓመት በፊት መቶ አርባ ልጆች ነበሩ። አሁን የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ሌሎቹ አልፈዋል። በሚያዝያ መጨረሻ እንደሚዘጋ ማስታወቂያ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ቅርብ የሚባለው መዋያ፣ በየቀኑ ተመላልሶ የማይደረስበት ሸኖ ነው። የምሥራች ደግሞ ከግንቦት አንድ ጀምሮ የቀን ፈረቃ ኃላፊ እንድትሆን ተመድባለች። ስምንት ዓመት የጠበቀችው ቦታ ነው። የአርያም አባት አፋር ውስጥ የፀሐይ ኃይል ማሳ ላይ ይሠራል። ሌላ ትዳር ይዟል፤ ለልደቷ ይደውላል። ስለዚህ ልጅቷ በሁለተኛው ፈተና ካላለፈች እናትየው ሥራዋን ትታ ቤት ትቀመጣለች። ሁለተኛው ፈተና ከሃያ አንድ ቀን በኋላ ነው።

«ለምን ከፈትሽላት?» አለቻት የዚያን ዕለት እራት ላይ። ቁጣ እንዳይመስልባት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«ጠምቷት ነበር።»

«ፈታኝ እኮ ናት የኔ ልጅ። አልጠማትም።»

«ጭልጥ አድርጋ ነው የጠጣችው» አለች አርያም። «አይቻታለሁ።»

የምሥራች ሳህኖቹን አነሳች።

ልምምዱ በማግስቱ ተጀመረ። የምሥራች ከሥራ እንደተመለሰች ቦርሳዋን ታስቀምጥና ተመልሳ ትወጣለች፤ ከበሩ ውጭ ቆማ ታንኳኳለች። አንድ ቀን የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ ሠራተኛ ትሆናለች፤ አንድ ቀን ልጇ የታመመባት ሴት፤ አንድ ቀን ዕቃ አድራሽ። መጀመሪያ መጀመሪያ የአርያም ሳቅ ከውስጥ ይሰማል። የእናቷ ድምፅ ሲቀጥን ደስ ይላታል።

በሦስተኛው ቀን ከኮሪደሩ ማዶ ያለው በር ተከፈተና አቶ አሰግድ ብቅ አሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። የጭነት መኪኖች ራሳቸውን መንዳት ከመጀመራቸው በፊት የጂቡቲ መንገድ ሾፌር ነበሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቤታቸውን ዝም አሰኝተውታል፤ ምክንያቱም ባለቤታቸው ከተቀበሩም በኋላ ቤቱ በየጠዋቱ የሟችን ስም እየጠራ መድኃኒት እንዲወስዱ ያስታውስ ነበር። ሊያስተካክሉት የመጡት ሰዎች ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ስላቃታቸው ሽማግሌው፣ «እንግዲያው ጨርሶ ዝም ይበል» አሉ። የስኳር በሽተኛ ናቸው። አንዳንዴ ስኳራቸው ሲወርድ እንደምንም የምሥራች ቤት ድረስ መጥተው ማር ወይም ከረሜላ ይቀምሱና እስኪሻላቸው ከአርያም ጋር ይጫወታሉ። ልጅቷን ከተወለደች ጀምሮ «አሪዬ» ነው የሚሏት።

«ምነው የምሥራች፣ በሩ እምቢ አለሽ?»

«የለም ጋሼ፣ ለፈተናው እያለማመድኳት ነው።»

ነገሩን አስረዳቻቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። «እንግዲያው እኔም ላግዝሻ» አሉ። «አንቺን በድምፅሽ ታውቅሻለች። እንግዳ ሰው ያስፈልጋል።»

«እርስዎን አታውቅም ታዲያ?»

«እኔማ ስነዳ ስንት ፍተሻ ጣቢያ አልፌያለሁ» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በወፍራም ድምፅ የመብራት ሠራተኛ ነኝ ብለው አንኳኩ።

አርያም ወዲያው ከፈተች። «አባባ አሰግድ፣ አወቅኩዎት» አለች እየሳቀች።

የምሥራች አልሳቀችም። ልጅቷን አስገብታ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። «እሳቸውም ቢሆኑ አትከፍቺም። ፈታኞቹ የፈለጉትን ሰው ድምፅ ማስመሰል ይችላሉ። የአባባ አሰግድን ይችላሉ። የእኔንም ይችላሉ። ገባሽ?»

«ራሳቸው አባባ ቢሆኑስ?»

«ማንም ቢሆን።»

«አንቺም ብትሆኚ?»

«እኔ ስመጣ ቤቱ ራሱ ይከፍትልኛል። ካንኳኳሁ እኔ አይደለሁም ማለት ነው።»

በሁለተኛው ሳምንት የልጅቷ ሳቅ ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት ሲንኳኳ ከደብተሯ ቀና አትልም። የምሥራች በሩን ከፍታ ስትገባ ልጅቷ እርሳሷን እንደያዘች፣ ገጿን ሳትገልጥ ታገኛታለች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ትላለች ለራሷ።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው አቶ አሰግድ ልምምዱን ተዉት።

«በቃኝ የምሥራች» አሉ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው። «ትናንት ‹አሪዬ፣ እኔ ነኝ› ብላት ጭራሽ ትንፍሽ አላለችም። ጨዋታ መሆኑን እያወቅኩ ሆዴ ባባ።»

«መልስ መስጠትም ነጥብ ያስቀንሳል ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ልጅቱ ጎበዝ ናት። እኔ ነኝ ያልቻልኩት።»

ፈተናው የዋለው ሐሙስ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ወላጅ በሕንፃው አካባቢ መታየት የለበትም። የምሥራች ፋብሪካ ስትውል ሁለት ጊዜ የጠርሙስ ረድፍ አሳስታ ቆጠረች። ስምንት ተኩል ላይ አንጓዋ በራ። አልፋለች። «በር፣ ሙሉ ነጥብ። ተፈታኟ አንድ የታቀደና አንድ ያልታቀደ ክስተት በከፍተኛ ብቃት ተወጥታለች። ፈቃዱ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ነው።» የሥራ ባልደረቦቿ መጥተው ሳሟት። መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ «ያልታቀደ» የሚለው ቃል ግን አላስቆማትም። በመንገዷ ላይ ትንሽ ኬክ ገዛች።

ሕንፃው መግቢያ ላይ የሦስተኛ ፎቋ ወይዘሮ ጥሩነሽ ቆመው አገኘቻቸው።

«ጋሽ አሰግድን ሐኪም ቤት ወሰዷቸው» አሉ። «አራተኛ ፎቅ ለጽዳት ስወጣ ወድቀው አየኋቸው። ስኳራቸው ወርዶ ነው አሉ። ዳሌያቸውም ተሰብሯል። ስንት ሰዓት እንደቆዩ እንጃ፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዘው ነበር።»

«የት ጋ ወድቀው?»

ሴትየዋ ፊታቸውን ዘወር አደረጉ። «እናንተ በር ላይ» አሉ።

የምሥራች አራቱን ፎቅ በደረጃ ወጣች። በሩ ለእሷ ራሱን ከፈተ። አርያም ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች፤ የቤት ሥራዋን ጨርሳለች፤ ምሳዋን በልታ ሳህኗን አጥባለች።

«አለፍኩ?» አለች።

«አልፈሻል።»

«እሺ» አለች ልጅቷ፤ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ኬኩን ስትሰጣት ሁለት ጊዜ ጎረሰችና ቀሪውን ከደነችው።

የፈተናውን ቀረጻ ወላጅ የማየት መብት አለው። የምሥራች መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና አየችው። የሚያሳየው የቤቱን ውስጥ ብቻ ነው፤ የውጭው በድምፅ ይሰማል። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ በሩ ተንኳኳ። የዘወትሩ ማንኳኳት አልነበረም፤ በመዳፍ የሚደረግ፣ የሚንሸራተት ዓይነት ነበር።

«አሪዬ» አለ ድምፁ። «እኔ ነኝ። ማር ካለሽ… ትንሽ ስኳር።»

አርያም እርሳሷን አስቀመጠች። ተነስታ በሩ ድረስ ሄደች። ቆመች። ድምፁ ቀጠለ፤ ቃላቱ እየተንተባተቡ፣ እየተቆራረጡ። ልጅቷ በደረቷ ተኝታ ጉንጯን ወለሉ ላይ አድርጋ ከበሩ ሥር በቀረችው ስንጥቅ አየች። ረዘም ላለ ጊዜ አየች። ከዚያ ተነስታ ወደ ማብሰያው ክፍል ገባች፤ ማሩን ይዛ መጣች። በአንድ እጇ ማሩን እንደያዘች ሌላውን እጇን በሩ ላይ አሳረፈች። መክፈቻውን አልነካችም። በሩ ከተንኳኳ በቀረጻው ጥግ ያለው ቆጣሪ አሥራ አንድ ደቂቃ ሲሞላ ውጭ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ። ልጅቷ ደነገጠች፤ ማሩ ግን ከእጇ አልወደቀም። ትንሽ ጠብቃ ማሩን ወደ ቦታው መለሰችና ደብተሯ ጋ ተቀመጠች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ማንኳኳት ተሰማ፤ በሁለተኛው ፈተና ፈታኝ በአካል ስለማይመጣ ድምፁ የሚወጣው ከበሩ ድምፅ ማጉያ ነበር። ዕቃ አድራሽ ነኝ ይላል። ልጅቷ ቀና አላለችም። የታቀደው ይኼኛው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የምሥራች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የልጅቷን ፀጉር ስትፈታ ነገሩን አነሳችው።

«ትናንት በሩ ላይ የነበሩት አባባ አሰግድ ናቸው። ፈተና አልነበረም። ታመው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች አርያም።

«መቼ አወቅሽ?»

«ያኔ። ነጠላ ጫማቸውን አየሁት። አንዱ እግራቸው ካልሲ አልነበረውም።»

የምሥራች ማበጠሪያውን አስቀመጠች። «እያወቅሽ ነው?»

«ማንም ቢሆን ነው ያልሽኝ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። የተማረችውን ትምህርት የምትመልስ ትመስል ነበር። ቆየት ብላ፣ «ከከፈትኩ አንቺ ሥራ አትሄጂም» አለች።

የምሥራች በዚያው ቀን ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። የተቀበላት ጨዋ ወጣት ነበር፤ ወንበር ሳበላት።

«ፈቃዱ እንዲሰረዝልኝ ነው የመጣሁት» አለችው።

«ልጅዎ ወድቃ ቢሆን ይግባኝ ይባላል። ያለፈ ልጅ ግን ይግባኝ የለውም።»

«ሰው በሩ ላይ ወድቆ ነበር እኮ። እናንተ እያያችሁ።»

«እየሰማን ነው እንጂ እያየን አይደለም» አለ ወጣቱ በትሕትና። «ኮሪደሩ የሕንፃ አስተዳደር ነው። የእኛ ሥልጣን ከበሩ ወደ ውስጥ ነው።»

«ሰው ነው የምልህ።»

«ገብቶኛል እኅቴ። በጣም ያሳዝናል። ልጅቷ ያደረገችው ግን ትክክል ነበር። ቀረጻውን እኔም አይቼዋለሁ፤ ማሩን ይዛ ስትቆም፣ ስሜቷን ስትቆጣጠር። እንዲያውም ለሌሎች ልጆች ማስተማሪያ እናድርገው ብለን ፊርማዎን ልንጠይቅ ነበር።»

የምሥራች አልፈረመችም። ስትወጣ ወጣቱ በሩን ከፍቶላት ቆመ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ሐኪም ቤት ሄዱ። አርያም አልሄድም ትላለች ብላ ፈርታ ነበር፤ ልጅቷ ግን ሳይነገራት ጫማዋን አድርጋ ቀደመቻት። አቶ አሰግድ ከወገባቸው በታች በጨርቅ ተወጥረው ተኝተዋል። ፊታቸው አንሷል። ንግግራቸው ቀስ ያለ ነው፤ አንዳንድ ቃል ይጠፋቸውና ይጠብቁታል። የምሥራች ያዘጋጀችውን ይቅርታ ለመናገር አፏን ስትከፍት አርያም ቀደመቻት።

«አባባ፣ ሰምቼዎት ነበር» አለች።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ትንፋሽሽ ይሰማኝ ነበር።»

የምሥራች ሌላ ነገር እስኪጨምሩ ጠበቀች። ግድ የለም ይላሉ፣ ልጅ ነሽ ይላሉ፣ እኔም እኮ አለማምጄሻለሁ ይላሉ ብላ ጠበቀች። ምንም አላሉም። ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። አርያም ተነስታ ከጠርሙሱ ውሃ ቀዳች፤ አንገታቸውን መደገፍ ስላልቻለች በማንኪያ በማንኪያ አጠጣቻቸው። ጨርሰው ዓይናቸውን ከደኑ። ስትቀመጥ እጃቸውን ወደ አልጋው ጠርዝ አመጡት፤ ልጅቷ ግን አላየችውም፤ ማንኪያውን እየጠረገች ነበር።

ልጃቸው ከሐዋሳ መጥቶ እንደሚወስዳቸው ነርሷ ነገረቻቸው። ከአሁን በኋላ ብቻቸውን መኖር አይችሉም። ብቻውን መኖር የሚፈልግ አዛውንት የሚወስደውን ፈተና እንደማያልፉ ከወዲሁ ይታወቃል።

ሰኞ ግንቦት አንድ ነበር። የምሥራች የፈረቃ ኃላፊ መታወቂያዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ከጠዋቱ አንድ ተኩል ላይ ወጣች። አርያም እስከ በሩ ሸኘቻት።

«ትፈሪያለሽ?» አለቻት እናቷ።

«አልፈራም» አለች ልጅቷ። እውነቷን ነበር።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ የምሥራች አሥራ ሁለት ሠራተኞች ፊት ቆማ የዕለቱን ሥራ እያከፋፈለች ሳለ፣ አንጓዋ በራ። «በሩ ከውስጥ ተከፍቷል።» ንግግሯን አቋረጠች። መልእክቱ ቀጠለ። «ነዋሪዋ በሩን እንድትዘጋ ተጠይቃለች። አልዘጋችም። ሁለተኛ ጊዜ ተጠይቃለች። መልስ፦ ‹ሰው ቢመጣስ?› ሦስተኛ ጊዜ ተጠይቃለች። መልስ የለም። በሩ እንዳይዘጋ ወንበር ተደግፎበታል።»

ከአሥር ደቂቃ በኋላ የመጣው የጽሕፈት ቤቱ መልእክት ነበር። የአርያም ፈቃድ ተሰርዟል። እንደገና ማመልከት የሚቻለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አዋቂ በስድሳ ደቂቃ ውስጥ ቤት እንዲደርስ፤ ካልደረሰ ልጅቷ ወደ ሸኖ መዋያ ትወሰዳለች። ግልባጩ ለአሠሪዋ ደርሷል።

ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ወርደው መጡ። ከምሥራች ጋር አሥር ዓመት አብረው ሠርተዋል። መታወቂያውን እጃቸውን ዘርግተው አልጠየቁም፤ እሷ ነቅላ ሰጠቻቸው።

«ምን ነካት ልጅቱን?» አሉ።

«ምንም አልነካት» አለች የምሥራች።

አውቶቡሱ ውስጥ ልትናደድ ሞከረች። ስምንት ዓመት የጠበቀችውን ቦታ፣ የሚመጡትን ሁለት ዓመታት፣ ቤት ውስጥ ተቀምጣ የምታሳልፋቸውን ጠዋቶች አሰበች። ያም ሆኖ ንዴቱ አልመጣላትም። ከንዴቱ ይልቅ የመጣባት ልጇን በቶሎ የማየት ጉጉት ነበር፤ ለብዙ ሳምንታት ተለይታት የቆየች ያህል።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ከላይ ወደ ደረጃው የሚወርድ ብርሃን አየች። ያ ደረጃ ቀን ቀን ብርሃን ኖሮት አያውቅም። አርያም ደፉ ላይ ተቀምጣ እግሮቿን ወደ ኮሪደሩ ዘርግታለች። ደብተሯ ጭኗ ላይ ነው። ፊት ለፊቷ የአቶ አሰግድ በር ተዘግቷል።

«ከሥራ አስወጡሽ?» አለች።

«አዎ።»

«እሱን አስቤዋለሁ» አለች ልጅቷ። «አስቤው ነው የከፈትኩት።» ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ነክሳ ያዘችው።

የምሥራች ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች። ቤቱ ከኋላቸው በሩ ክፍት መሆኑን በትሕትና አስታወሳቸው። አልመለሱለትም። ትንሽ ቆይቶ የአምስተኛ ፎቁ ሰውዬ፣ ስሙን የማያውቁት፣ የገበያ ከረጢት ተሸክሞ ወደ ላይ መጣ። ሲያያቸው ደረጃው ላይ ቀጥ አለ።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለ። «የተበላሸ ነገር አለ?»

«የለም» አለች አርያም። «ተቀምጠን ነው።»

ሰውዬው እሷን አየ፤ ክፍቱን በር አየ። ከረጢቱን ወደ ሌላው እጁ አዛውሮ በጥግ በጥጉ አለፋቸው። እርምጃው ወደ ላይ እየራቀ ሄደ። ከዚያ የእሱ በር ሲከፈትና ተመልሶ ሲቆለፍ ሁለቱም ሰሙት።